የአፈር ናይትሬትና የጥራጥሬ ሰብሎች በጎንደር ደጋማ አካባቢ

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ በወገራና በዳባት ደጋዎች፣ ገብስና ስንዴ ያደከሙት ማሳ በተከታዩ ዓመት ባቄላ ወይም አተር ይዘራበታል። ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ በሚገኘው የደምቢያ ሜዳ ደግሞ ሽምብራ ከጤፍ ጋር ይፈራረቃል። የልማዱን ሳይንሳዊ መሠረት ሄልሪገልና ዊልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1886 ገልጸውታል፤ ይኸውም ጥራጥሬዎች በሥሮቻቸው እባጮች ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት የአየርን ናይትሮጅን ለመጠቀም መቻላቸው ነው። ይሁን እንጂ ባቄላ የበቀለበት መሬት ሁሉ ዳብሯል ማለት አይደለም።

ተክሉ ባክቴሪያዎቹን የሚቀልባቸው በቅጠሉ ባዘጋጀው ስኳር ስለሆነ ወጪው ቀላል አይደለም። በአፈሩ ውስጥ ናይትሬት በብዛት ሲገኝ ይህን ወጪ ይቆጥባል፤ አዳዲስ እባጮች ያንሳሉ፣ የነበሩትም ስኳርና ኦክሲጅን ስለሚጓደልባቸው ሥራቸው ይዳከማል። ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ ራሱ ተክሉ መሆኑን፣ ናይትሬት በበዛበት አፈር እንኳ እባጭ ማውጣታቸውን የማያቋርጡና እ.ኤ.አ. በ1985 በአውስትራሊያ የተገለጹ የአኩሪ አተር ዓይነቶች አሳይተዋል። ባቄላ ከብዙዎቹ ጥራጥሬዎች ይልቅ ናይትሬትን ይቋቋማል፤ ቢሆንም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም።

የሚያታልለው የሰብሉ መልክ ነው። ናይትሬት የጠገበ ባቄላ ከአየር ከሚመገበው ባልተናነሰ ይለመልማል። ነገር ግን ፍሬው ሲወቃ፣ ገለባውም ለከብት ሲጋዝ፣ ከማሳው የሚወጣው ናይትሮጅን ከአፈሩ የተበደረ ይሆናል፤ ለተከታዩ ገብስ የታሰበው ጥቅምም ይቀራል። በቤት አጠገብ ፍግ በበዛበት ጓሮ የተዘራ ባቄላ ለዚህ ምሳሌ ነው።

ወቅቱም ድርሻ አለው። በበጋ የደረቀ አፈር በመጀመሪያው ዝናብ ሲርስ ናይትሬት በብዛት ይለቃል፤ በርች የተባለ ተመራማሪ በምሥራቅ አፍሪካ አፈሮች ላይ ይህን አጥንቷል። በሰኔ የሚዘራው ባቄላ ችግኝ በዚህ ይጠቀማል፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ናይትሬቱን ሲያጥበው እባጮቹ ተራውን ይረከባሉ። የደምቢያ ሽምብራ ግን ክረምቱ ሲወጣ፣ ውሃ ቋጥሮ በከረመ ጥቁር አፈር ላይ ስለሚዘራ ከመነሻው ወደ አየር ናይትሮጅን ያዘነብላል።

ይህ ማዳበሪያ ለሚመድቡ ሁሉ ጉዳይ ነው። በአንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ፣ በአንድ ኩንታል ዳፕ 18 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። የዳፕ ጥቅም ለጥራጥሬ በይበልጥ በፎስፎረሱ ሲሆን ጥቂቱ ናይትሮጅን ለችግኙ መነሻ ይበቃዋል። ተስማሚ ባክቴሪያ ባለበት መሬት ለስንዴ የታሰበውን ዩሪያ ለባቄላም ማደል፣ ገበሬው ከአየር በነፃ የሚያገኘውን በገንዘብ እንዲገዛ ማድረግ ነው።

ነገሩን በትምህርት ቤት ለማሳየት ባቄላ አይመችም፤ የሚያብበው ተማሪዎች በክረምት ዕረፍት ላይ ሳሉ ነውና። ሽምብራ በመስከረም ተዘርቶ በኅዳር ገደማ ያብባል። ሽምብራ ከበቀለበት ማሳ በመጣ አፈር ሁለት ከሥራቸው የተበሱ ጣሳዎች ይሞላሉ፤ አንደኛው ጥቂት ዩሪያ የሟሟበት ውሃ በየሳምንቱ ይጠጣል፣ ሁለተኛው ንጹሕ ውሃ ብቻ። አበባ ሲወጣ ተክሎቹ ሥራቸው ሳይበጠስ ተነቅለው ይታጠባሉ፤ እባጮቹም ተቆጥረው በምላጭ ይሰነጠቃሉ። ውስጡ ቀላ ያለው በሥራ ላይ ነው፤ ነጣ ወይም አረንጓዴ ያለው ሥራ አልጀመረም ወይም አቁሟል።