ነጭ አስማት፣ ጥቁር አስማት፦ በጌሙ ውስጥና በኮሶዬ መንገድ



በዶርም ጌም የሚጫወቱ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «በጌሙ ውስጥ አስማተኛ ሆነን እንጫወታለን፤ ነገር ግን ደጉ አስማተኛ ነን። ቁስለኛ እናክማለን፣ ክፉውን እንዋጋለን። ታዲያ ይህ ምን ችግር አለው?» የሚል ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በውስጡ ግን ሁለት ትልልቅ ሐሳቦች አሉ። ሁለቱም ጌም ከመፈጠሩ ከብዙ ዘመን በፊት ከጎንደር በወለቃ፣ በኮሶዬና በዳባት አድርጎ ደባርቅ በሚደርሰው መንገድ ዙሪያ ሲኖሩ የቆዩ ናቸው። ስለዚህ በዚህ እትም ከጌሙ እንነሳና ወደ መንደራችን እንመለሳለን።

ጌሞቹ አስማትን እንዴት ይከፍሉታል?

ሚና ይዘው የሚጫወቷቸው ምናባዊ ጌሞች አብዛኞቹ መነሻቸው በ1974 (እ.ኤ.አ.) ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን አሜሪካ ውስጥ ያወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። ያኔ ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከበው በወረቀትና በእርሳስ የሚጫወቱት ነበር። በኋላ በወጡት የጨዋታው ሕጎች እያንዳንዱ ተጫዋች ገጸ ባሕርዩን «ደግ»፣ «ክፉ» ወይም «ገለልተኛ» ብሎ ይመዘግባል። በ1987 (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ የወጣው «ፋይናል ፋንታሲ» ደግሞ ክፍፍሉን በቀለም አደረገው፦ ነጩ አስማተኛ ያክማል፣ ጥቁሩ ያቃጥላል።

ከነዚህ ጌሞች ሁለት ሐሳቦችን እናውጣ። የመጀመሪያው፦ አስማት እንደ ቢላዋ ነው፤ በደግ እጅ ሽንኩርት ይከትፋል፣ በክፉ እጅ ሰው ይወጋል። ሁለተኛው፦ አንዳንድ ፍጥረት በዘሩ ክፉ ነው። ለምሳሌ «ኦርክ» የሚባሉት በብዙዎቹ ጌሞች ገና ሲወለዱ ክፉ ተደርገው ተጽፈዋል፤ ተጫዋቹ ሲያገኛቸው ምን አጠፉ ብሎ ሳይጠይቅ ይገድላቸዋል።

ኢስላም ሁለቱንም አይቀበልም። ለምን እንደሆነ በየተራ እንመልከት።

«ጥሩ አዋቂ» በእኛ አገር

ነጭና ጥቁር አስማት የሚለው ቃል ከውጭ ይምጣ እንጂ ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ሰው ስለ መተትና ድግምት ሲያወራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በፍርሃት ነው። ነገር ግን ያው ሰው ልጁ ሲታመምበት ወይም ትዳሩ ሲናወጥበት «መተት የሚፈታ ጥሩ አዋቂ አለ» ተብሎ ይነገረዋል። የሚያስረው ክፉ፣ የሚፈታው ደግ ይባላል። ባልና ሚስትን የሚለያየው ክፉ ነው፤ መስተፋቅር የሚሠራው ግን «ትዳር አቃኝ» ይሆናል።

ይህ ነገር እኛን ሙስሊሞችንም ይነካል። ሼኽ ነኝ ብሎ ቁጥርና የማይታወቅ ስም በየሣጥኑ የሚጽፍ፣ የእናትህን ስም ንገረኝ የሚል፣ ይህን ዓይነት ቀለም ያለው ዶሮ አምጣ የሚል ሰው ኪታብ ይዞ ስለተቀመጠ ብቻ ሥራው ነጭ አይሆንም። ፈተና ሲደርስ ለትምህርት ይገልጣል የሚባል ነገር ፍለጋ የሚሄድ ተማሪም ቢሆን «ማንንም አልጎዳሁም» ማለቱ አይቀርም።

ሲሕር ቢላዋ ነውን?

መልሱን ሱረቱል በቀራ አንቀጽ 102 ላይ እናገኛለን። አንቀጹ ስለ ባቢሎን፣ ስለ ሃሩትና ማሩት ይናገራል። ሱለይማን (ዐ.ሰ) ሥልጣናቸውን ያገኙት በሲሕር ነው የሚለውን ወሬ ውድቅ ያደርጋል፤ ሲሕርን ለሰው ያስተማሩት ሰይጣናት እንደሆኑ ይገልጻል። ሁለቱ መላእክትም ቢሆኑ እኛ ፈተና ነንና አትካድ ብለው ሳያስጠነቅቁ ለማንም አላስተማሩም። ሰዎች ከዚያ የተማሩት ባልና ሚስትን የሚለይ ነገር ነው፤ ያም ቢሆን ያለ አላህ ፈቃድ ማንንም አይጎዳም። የተማሩት ራሳቸውን የሚጎዳ እንጂ የሚጠቅም እንዳልሆነም ይነግረናል።

የቢላዋው ምሳሌ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። ቢላዋ ሲቆርጥ ከማንም ጋር ውል አይዋዋልም። ሲሕር ግን አንድ ሰው ከአላህ ውጭ ያለን ኃይል የሚለምንበት፣ የሚያገለግልበትና የሚፈራበት ነው። ጥያቄው «ለምን ዓላማ ዋለ?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «ማን ተለመነ?» የሚለውም ነው። መልካም ዓላማ የተለመነውን አይለውጠውም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰባት አጥፊ ወንጀሎችን ሲዘረዝሩ ሲሕርን ከሺርክ ቀጥለው የጠቀሱት ለዚህ ነው፤ ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ጠንቋይ ዘንድ ሄዶ ስለ አንድ ነገር የጠየቀ ሰው የአርባ ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት እንደማያገኝም በሙስሊም ዘገባ ተላልፏል። ጠያቂው ለደግ ነገር መጠየቁ ከዚህ ነፃ አያወጣውም።

ሲሕርን በሲሕር ስለመፍታትስ? ከታቢዒኖቹ አንዱ ከሆኑት ከሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብ ፈውስ ፍለጋን የሚፈቅድ ቃል ተላልፏል፤ ዑለማዎችም ተነጋግረውበታል። ኢብኑል ቀይም ጉዳዩን ለሁለት ከፍለው አስቀምጠውታል፦ ሲሕርን በሌላ ሲሕር መፍታት የሰይጣን ሥራ ነው፤ በሩቅያ፣ በዱዓእና በተፈቀደ መድኃኒት መፍታት ግን የተፈቀደ ነው።

የተፈቀደው በር ክፍት ነው

ሃይማኖታችን በሩን ዘግቶ በሽተኛን ሜዳ ላይ አይጥልም። አቡ ሰዒድ አል ኹድሪ እንዳስተላለፉት በጉዞ ላይ የነበሩ ሰሓቦች ጊንጥ የነደፈውን የአንድ ጎሳ አለቃ በፋቲሓ ሩቅያ አድርገውለት ድኗል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሥራቸውን አጽድቀውላቸዋል። ዑለማዎች ለሩቅያ ሦስት መስፈርት አስቀምጠዋል፦ በአላህ ቃል ወይም በስሞቹና ባሕርያቱ መሆኑ፣ ትርጉሙ በሚታወቅ ቋንቋ መሆኑ፣ ሩቅያው በራሱ ሳይሆን በአላህ ፈቃድ እንደሚጠቅም ማመን። በማይገባን ቋንቋ የሚንሾካሾክ ሰው ሁለተኛውን መስፈርት አያልፍም።

መድኃኒትም እንደዚሁ ነው። የኮሶዬ ስም ኮሶን ያስታውሰናል። አያቶቻችን የኮሶን አበባ በጥብጠው ለኮሶ ትል የጠጡት አበባው ውስጥ ትሉን የሚያስወጣ ነገር ስላለ ነው። ይህ አላህ በዕፅዋቱ ውስጥ ያኖረው ሰበብ ነው፤ ሲሕር አይደለም። የሚጥል በሽታም የአንጎል በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ከታከሙ ከአሥር ሕመምተኞች እስከ ሰባቱ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ክብሪት እያጨሱ «ማነህ? ልቀቅ!» ሲሉት መዋል ሕክምናውን ማዘግየት ነው። ሩቅያ የሚያደርግለትም ሰው ኪኒኑን እንዲያቋርጥ ሊነግረው አይገባም።

በዘሩ ክፉ የሚባል ሰው

አሁን ወደ ሁለተኛው ሐሳብ እንምጣ። በእኛ እምነት ከአስማቱ ያላነሰ ጉዳት ያደረሰው ይህ ነው።

በሰሜን፣ በወገራና በደምቢያ ለዘመናት የኖሩት ቤተ እስራኤሎች ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸክላ ይሠሩ፣ ይሸምኑ ነበር። ርስት እንዲያጡ የተደረጉት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን እንደሆነ ይተረካል። መሬት የተከለከለ ሰው በእጁ ሙያ አደረ፤ ቀጥሎ ያው ሙያው ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረበት። ጠይቡ ቡዳ ነው ተባለ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ፣ ዓይኑ ይበላል ተባለ። ማረሻና ማጭድ የሠራለት ገበሬ ከቤቱ እህል ውኃ መቅመስ ፈራ።

ይህን ታሪክ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ማንበብ አንችልም። በ1668 (እ.ኤ.አ.) በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወስኗል። የጎንደር ሙስሊሞችም ርስት ስላልነበራቸው በንግድና በሽመና ነው የኖሩት። በስም ተለይቶ መቀመጥ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሕዝብ ልጆች ሆነን «እነ እገሌ ቡዳ ናቸው» የሚለው ቃል ከእኛ አፍ ሲወጣ ያሳፍራል።

በግንቦት 1983 ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤሎች ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዙ። ብዙዎቹ ጠይቦች ሄዱ፤ «ቡዳ በላው» የሚለው ወሬ ግን አብሯቸው አልሄደም። በቀሩት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪ እናቶች ላይ ቀጠለ። ከተከሳሾቹ በኋላም ክሱ መኖሩ ምንጩ እነርሱ እንዳልነበሩ ያሳያል።

«ታዲያ ዓይን እውነት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ዓይን እውነት መሆኑ በሶሒሕ ሐዲስ ተረጋግጧል። ነገር ግን የሰህል ኢብኑ ሑነይፍን ታሪክ እንይ። ሰህል ሲታጠቡ ዓሚር ኢብኑ ረቢዓ የገላቸውን ማማር አይተው በአድናቆት ተናገሩ፤ ሰህል ወዲያው ታመው ወደቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዓሚርን ጠርተው ወንድምህን ለምን ትጎዳለህ፣ ባየህ ጊዜ በረካ ብትለምንለት ኖሮ ሲሉ ገሠጿቸው፤ ታጥበውም ውኃው ሰህል ላይ እንዲፈስ አዘዙ፤ ሰህልም ዳኑ። ይህ በሙወጧእ የተዘገበ ነው።

ዓሚር ማን ናቸው? ቀድመው ከሰለሙት፣ ከሙሃጂሮቹና በበድር ከተሰለፉት አንዱ ናቸው። ስለዚህ ዓይን ከምርጥ ሰው ሳይቀር ሊወጣ የሚችል የአድናቆት ወይም የቅናት ጉዳት እንጂ የአንድ ጎሳ ወይም የአንድ ሙያ ርስት አይደለም። ዓሚር ክብራቸው አልተነካም፤ ልጆቻቸውን አታግቡ የተባለ ሰው የለም። ነገሩም የተጀመረው ሰው በጆሮው ከሰማው ቃል ነው እንጂ በጥርጣሬ አይደለም።

ብረት ቀጥቃጭነትንም ቁርኣን እንዴት እንደሚያነሳው እናስተውል። «አል ሐዲድ» ወይም «ብረቱ» የሚባል ምዕራፍ አለ፤ በውስጡም ብረት ለሰዎች ብዙ ጥቅም እንዳለው ይነገራል። አላህ ብረትን ለነቢዩ ዳዉድ (ዐ.ሰ) እንዳገራላቸውና ጥሩር እንዲሠሩ እንዳዘዛቸው በሱረቱ ሰበእ እናነባለን። ነቢይ የሠሩትን ሙያ የክፋት ምልክት ማድረግ ለሙስሊም የሚመች አይደለም።

ሌላም እናክል። ያ ሰባቱን አጥፊ ወንጀሎች የሚዘረዝረው ሐዲስ በሲሕር ብቻ አያበቃም፤ መጨረሻ ላይ ንጹሐን ሴቶችን በዝሙት መወንጀልን ይጠቅሳል። ሐዲሱ ስለዚያ ክስ ቢሆንም የሰው ክብር በአላህ ዘንድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያስተምረናል። ሱረቱል ሑጁራትም ከጥርጣሬ አብዛኛውን እንድንርቅ ታዘናለች። ሲሕርን የሚፈራ ሰው ያለ ማስረጃ መወንጀልንም ሊፈራ ይገባዋል።

ጌሙን ምን እናድርገው?

እዚህ ፈትዋ አንሰጥም፤ የሚጫወቱትን ጌም ስምና ይዘት ይዞ ወደ ዑስታዞቻችን መቅረብ ይሻላል። ሆኖም ራሳችንን የምንጠይቃቸው ነገሮች አሉ። ተረት ውስጥ አስማተኛ ማየትና አስማትን በተግባር መሞከር አንድ አይደለም፤ ነገር ግን ጌሙ ለጣዖት እንድትሰግድ ወይም እውነተኛ የሲሕር ቃል እንድትደግም ያደርግሃልን? ዕድል በሚገዛበት ሣጥን ገንዘብህን እያስያዘ ቁማር አስለምዶሃልን? ፈጅር ያመለጠህ ሌሊቱን ሙሉ በርሱ ላይ ስለቆየህ ነውን? ከሁሉ በላይ፣ አስማት በደግ እጅ ደግ ነው የሚለው ሐሳብ ከስክሪኑ ወጥቶ ልብህ ውስጥ ገብቷልን?

የጌሙ ባለቤቶች ሳይቀሩ አንዱን ሐሳብ ፈትሸውታል። «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን የሚያሳትመው ኩባንያ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ኦርክን የመሰሉ ዘሮችን በተፈጥሯቸው ክፉ አድርጎ ማቅረብን እንደሚተው አስታውቋል። ለምናባዊ ፍጥረት እንዲህ ከታሰበለት፣ ወለቃ መንገድ ዳር ሸክላዋን ዘርግታ ለተቀመጠች እናት ምን ያህል ልናስብ ይገባል?

በቀጣዩ የዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችን ስንሄድ ሁለት ነገር ይዘን እንሂድ። ቤተሰብ «ጥሩ አዋቂ አለ» ሲል ወደ ሩቅያና ወደ ጤና ጣቢያ እናመልክት። ጎረቤት «እርሷ እኮ ቡዳ ናት» ሲል ዝም አንበል፤ በአክብሮት፣ ታላቅን በታላቅነቱ እያከበርን፣ ማስረጃው ምንድን ነው ብለን እንጠይቅ። ጧትና ማታ ፈለቅንና ናስን፣ አየተል ኩርሲይንም አንርሳ። ሰው ያለውን ስናይ ደግሞ «ባረከላሁ ፊክ» ማለትን ልማድ እናድርግ።

ወላሁ አዕለም።