ቤተሰብ በኦፒዮይድ ጥገኝነት ሕክምና ውስጥ ያለው ድርሻ



በሀገራችን ስለ ሱስ ሲነሣ ቀድመው የሚታሰቡት ጫትና አልኮል ናቸው። የዛሬው ርእሳችን ግን ብዙ ጊዜ ከሐኪም ማዘዣ የሚጀምር ጥገኝነት ነው። ሞርፊን፣ ፔቲዲንና ትራማዶል ኦፒዮይድ ከሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ይመደባሉ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በኩታበር ግንባር የተካሄደውን ውጊያ የምናስታውስ ሁሉ፣ ቁስሉ ከደረቀ በኋላም ሕመሙ እንደሚቀር እናውቃለን።

ለስብራቱ የታዘዘለትን ትራማዶል ማቆም ያቃተው አንድ የኩታበር ወጣት በምሳሌነት እንውሰድ። ቤተሰቡ በመጀመሪያ ነገሩን እንደ ገበና ይሸሽገዋል። ሲብስበት ደግሞ መድኃኒቱን ነጥቆ ቤት ይዘጋበታል። ይህን የሚያደርጉት በፍቅር ነው፤ ነገር ግን ሁለት አደጋዎች አሉበት።

አንደኛ፣ ትራማዶል በድንገት ሲቋረጥ ቁርጥማት፣ ተቅማጥና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ፤ በአንዳንዶችም ላይ ብርቱ ፍርሃትና መደናገር ይታያል። ስለዚህ መጠኑ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ሊቀነስ ይገባል። ሁለተኛውና የሚከፋው፣ ሰውነት ከፍተኛ መጠንን ለመቋቋም ያዳበረው ልማድ መድኃኒቱ ሲቋረጥ በአጭር ጊዜ ይቀንሳል። ወጣቱ አገርሽቶበት የቀድሞውን መጠን ቢወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ቤተሰቡ «ዳነልን» ብሎ እፎይ የሚልበት ወቅት የሞት አደጋው የሚበረታበት ወቅት ነው።

ታዲያ ቤተሰብ ምን ያድርግ? በታካሚው ፈቃድ ከሐኪሙ ጋር ይመካከር፤ መድኃኒቱን ቆልፎ በታዘዘው መጠን ይስጥ፤ ያገረሸበትን ሳያዋርድ ወደ ሕክምና ይመልስ። ጠበሉም ሆነ ዱዓው ከሕክምናው ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል። ታካሚው አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ ከዘገየና የዐይኑ ብሌን ከጠበበ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያሻል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ የኦፒዮይድን መርዛማነት የሚቀለብሰው ናሎክሶን እንዲህ ያለ አደጋ ሊያጋጥማቸው በሚችል ቤተሰቦች እጅም እንዲገኝ መክሯል።

የአነጋገር ስልትም ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት ሕክምና እምቢ ያሉ የአልኮል ጥገኞችን ቤተሰቦች በሦስት መንገድ አሠልጥኖ ነበር። ጥሩ ጠባይን ማበረታታትና በሰላም መነጋገርን የተማሩት 64 ከመቶ የሚሆኑ ዘመዶቻቸውን ለሕክምና አበቁ። ተሰብስቦ መጋፈጥን በተማሩት ዘንድ ውጤቱ 30 ከመቶ ብቻ ነበር። ጥናቱ ስለ አልኮል ቢሆንም ትምህርቱ ለእኛም ይጠቅማል።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። የባለሙያው ኃላፊነት ቤተሰብ ሳያፍር የሚናገርበትን በር መክፈት ነው።