የኪሊማኒ ጎዳናዎችና ተዳፋቶች

የመልክዐ ምድር ትምህርት በክፍል ውስጥ ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ ከታላላቆቹ ይጀመራል፤ ከራስ ዳሽን፣ ከኪሊማንጃሮ፣ ከስምጥ ሸለቆ። ተማሪው ጠዋትና ማታ እየረገጠ የሚመላለስበት ዳገት ግን በመጽሐፉ ውስጥ ስም የለውም። እኛ ለዚህ ጽሑፍ የመረጥነው ከእነዚህ ሁሉ እጅግ ያነሰውን፣ በናይሮቢ ከተማ በስተምዕራብ የሚገኘውን ኪሊማኒ የተባለውን ሰፈር ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የኖሩበትና የሚኖሩበት፣ የእንጀራና የቡና ሽታ ከየመንገዱ የማይጠፋበት ሰፈር በመሆኑ ለአንባብያን ፍጹም እንግዳ አይሆንም። ከዚህም በላይ፣ ስለ አዲስ አበባ ዳገቶች የምናውቀውን በሌላ ከተማ ላይ ለመመዘን የተመቸ ሆኖ አግኝተነዋል።

ስሙ ራሱ ትምህርት አለው። በስዋሂሊ ቋንቋ «ምሊማ» ማለት ተራራ ነው፤ «ኪሊማ» ሲባል ትንሽ ተራራ፣ ማለትም ኮረብታ ይሆናል። በመጨረሻ የምትቀጠለው «ኒ» የእኛን «በ» ወይም «ላይ» ትተካለች። እንግዲህ ኪሊማኒ «በኮረብታው ላይ» ማለት ነው። ጎረቤቱ ሚሊማኒ ደግሞ «በተራሮቹ ላይ» ይባላል። እንዲህ ያለውን ስም ሰምቶ ወደ ሰፈሩ የሚመጣ እንግዳ ግን «ኮረብታው የታለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እንደ የካ ወይም እንደ እንጦጦ ከሩቅ የሚያዩት ጫፍ የለውምና። ኮረብታው የሚታወቀው በዓይን ሳይሆን በጉልበት ነው። ከንጎንግ መንገድ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ እግረኛ መንገዱ ወረድ ሲል፣ ትንሽ ድልድይ ሲያልፍ፣ እንደገና ሲወጣ፣ ትንፋሹ ይነግረዋል። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የሚሄደው ግን እምብዛም አይደክመውም።

ይህ ልዩነት ከምን መጣ? ከናይሮቢ በስተምዕራብ የስምጥ ሸለቆ አፋፍ ይገኛል። በዚያ አካባቢ የነበሩ እሳተ ገሞራዎች በጥንት ዘመን ቅልጥ ድንጋይና አመድ እየተፉ ወደ ምሥራቅ አፈሰሱት። ስለዚህም መሬቱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በዝግታ ያዘነበለ ሆነ። ጅረቶቹ ይህንኑ ዝንባሌ ተከትለው ጎን ለጎን ሲወርዱ ሸለቆ ሸለቆ አበጁ፤ በሸለቆዎቹ መካከል የቀረው መሬት እንደ እጅ ጣቶች የተዘረጋ ሸንተረር ሆነ። ኪሊማኒ የተቀመጠው በእንዲህ ያለው ሸንተረር ላይ ነው። ጅረቶቹም ኪሪችዋ ኩብዋና ኪሪችዋ ንዶጎ ይባላሉ፤ «ኩብዋ» ትልቁ፣ «ንዶጎ» ትንሹ ማለት ነው። አንድ ሰው በሁለት እርምጃ የሚሻገረው ውኃ «ትልቁ» መባሉ ፈገግ ያሰኛል። ይሁን እንጂ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች በናይሮቢ ምዕራብ ለሚገኘው፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ ለተጋገረው ድንጋይ ስም ሲያወጡለት የወሰዱት የዚህኑ ሸለቆ ስም ነው። በከተማው አሮጌ ሕንፃዎች ላይ የሚታየው ግራጫ ጥርብ ድንጋይም የዚሁ ዘር ነው።

ለአዲስ አበባ ተማሪ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ቀበናና ግንፍሌ ከእንጦጦ ወደ ደቡብ ሲወርዱ የሠሩት ሥራ ተመሳሳይ ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ የሚወርደው ተማሪ ሸንተረሩን ተከትሎ ስለሚሄድ መንገዱ ይቀናዋል፤ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና የሚሻገረው ግን ወርዶ መውጣት አለበት። በአማርኛ አንዱን መሬት ከታች ላለው «ዳገት»፣ ከላይ ላለው «ቁልቁለት» እያልን በሁለት ስም መጥራታችን፣ አገራችን ለዚህ ትምህርት የተፈጠረች መሆኗን ያሳያል።

ሁለቱን ከተሞች የሚያመሳስል ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም የባቡሩ ነገር ነው። የባቡር ሐዲድ ናይሮቢ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ሠራተኞቹ የሰፈሩት ወደ ደጋው ከሚወስደው አቀበት በፊት በነበረው የመጨረሻ ለጥ ያለ መስክ ላይ ነበር። አዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ1917 ባቡሩ ሲገባላት ጣቢያው የተሠራው በታችኛው በኩል፣ ዛሬ ለገሀር በምንለው ቦታ ነው። ባቡር ዳገት አይወድምና ጣቢያው ከታች፣ የተመቻቸው ሰዎች መኖሪያ ከላይ ሆነ። በናይሮቢ ይህ ነገር በቅኝ ገዥዎች እጅ መረር ያለ መልክ ያዘ። በስተምዕራብ ያለው ከፍታ አየሩ ቀዝቃዛ፣ አፈሩ ውኃ የማይቋጥር ጥልቅ ቀይ አፈር ነው። በስተምሥራቅና በስተደቡብ ያለው ሜዳ ግን በክረምት የሚያሰምጥ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር ዋልካ ነው። ከፍታው ለአውሮፓውያን ተከለለ፤ አፍሪካውያን ሠራተኞች በዋልካው ላይ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ነፃ ስትወጣ ክልከላው ቀረ፤ የአፈሩና የኪራዩ ልዩነት ግን እስከ ዛሬ አለ። የአፈር ዓይነትን ለፈተና ብቻ የሚያጠና ተማሪ ይህን ቢያውቅ ካርታውን በሌላ ዓይን ያየዋል እንላለን።

የጎዳናዎቹ ስሞችም የታሪክ ገጾች ናቸው። አርጉዊንግስ ኮዴክ መንገድ በኬንያ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ጠበቃ በመሆን የሚታወቁትንና እ.ኤ.አ. በ1969 ያረፉትን ሰው ያስታውሳል። ዴኒስ ፕሪት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952ና በ1953 በካፔንጉሪያ ችሎት ለጆሞ ኬንያታ የተሟገቱት እንግሊዛዊ ጠበቃ ናቸው። ሌናና የማሳይ ሕዝብ መንፈሳዊ መሪ ነበሩ፤ ከኬንያ ተራራ ጫፎች አንዱ፣ 4,985 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በስማቸው ይጠራል። ኢትዮጵያዊውን መንገደኛ ቆም የሚያደርገው ግን በዚሁ በኪሊማኒ የሚገኘው ምኒልክ መንገድ ነው። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ የሚያልፈውም ዋና ጎዳና የኃይለ ሥላሴን ስም ይዟል።

ስለ ዕይታው ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠቀሱት የንጎንግ ኮረብቶች ናቸው። በደቡብ ምዕራብ በኩል እንደተጨበጠ እጅ አንጓዎች ተሰልፈው ይታያሉ፤ ከፍተኛው 2,460 ሜትር ገደማ ነው። ከሴፕቴምበር መጨረሻ ጀምሮም ጎዳናው በጃካራንዳ አበባ ወይን ጠጅ ይለብሳል። ይህ ዛፍ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። በሰፈሩ ምሥራቃዊ ጠርዝ የሚገኘው የዛፎች ማሳያ መናፈሻም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፤ ዓላማውም ለባቡሩ ማገዶ የሚሆን ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ለመሞከር ነበር። አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣው ባሕር ዛፍም ከጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በተመሳሳይ ምክንያት ነበር የገባው።

ሆኖም ዕይታው እየጠበበ ሄዷል። ቀድሞ በሰፋፊ ግቢ ውስጥ አንድ አንድ ቪላ በነበረበት ቦታ፣ በተለይ ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ፣ ረጃጅም የመኖሪያ ፎቆች ተሠርተዋል። ንጎንግን ማየት አሁን በላይኛው ፎቅ ለሚኖር ተከራይ የተተወ መብት ሆኗል ቢባል ማጋነን አይደለም። የሚያሳስበን ግን ከዕይታው ይልቅ ውኃው ነው። ቀይ አፈሩ ዝናቡን ይጠጣ ነበር፤ በሲሚንቶና በአስፋልት ሲሸፈን ግን የዘነበው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ጅረቱ ይወርዳል። ጅረቱም ወደ ናይሮቢ ወንዝ፣ ወንዙም ወደ ምሥራቁ ዝቅተኛ ሰፈር ያመራል። እ.ኤ.አ. በ2024 በኤፕሪልና በሜይ በጣለው ከባድ ዝናብ በኬንያ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በናይሮቢ ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ከምዕራቡ ሸንተረሮች በሚወርዱ ወንዞች ዳር በቆርቆሮ ቤት የሚኖሩት ይገኙበታል። በእርግጥ ዝናቡ እጅግ ከባድ ነበር፤ የወንዞቹ ዳርም በቤት ተጨናንቆ ነበር። ይሁንና ከላይ ያለው ሰው በግቢው የሚያፈሰው ሲሚንቶ ከታች ያለውን ሰው እንደሚነካ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አናገኝም።

ይህን ሁሉ ተማሪዎች በእግራቸው ሊያረጋግጡት ይችላሉ። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ግንበኞች ውኃ ልክ የሚሉትን ትንሽ መሣሪያ ከሠፈር መዋስ ይበቃል። አንዱ ተማሪ ከዳገቱ ሥር ቆሞ ውኃ ልክን በዓይኑ ቁመት አግድም ይይዝና በላዩ ላይ አሻግሮ ይመለከታል። ዓይኑ ያረፈበትን የመሬት ነጥብ ጓደኛው በጠመኔ ያመለክታል። ከዚያ ተመልካቹ ወደዚያ ነጥብ ሄዶ ይቆምና እንደገና ይመለከታል። የዓይኑ ቁመት 1 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ጫፍ እስኪደርስ 8 ጊዜ ቢመለከት፣ ዳገቱ 12 ሜትር ከፍታ አለው ማለት ነው። የመንገዱ ርዝመት በሜትር ገመድ 200 ሜትር ከሆነ፣ መንገዱ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር ይወጣል። ተማሪው ይህን በደብተሩ ላይ በመስመር ሲነድፈው የሸንተረሩ ቅርጽ በራሱ እጅ ይወጣለታል። ከእያንዳንዱ ከፍታ ጭብጥ አፈር ወስዶ በብርጭቆ ውኃ ቢጨምርበት ደግሞ፣ ቶሎ የሚያሳልፈውንና የሚቋጥረውን ይለያል።

በኪሊማኒ ይህን ለመሥራት የሚመረጠው ጊዜ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ንጎንግም በጠዋት ይታያል። ከጁን እስከ ኦገስት ያለው ወቅት ቀዝቃዛና ደመናማ ነው። በንጎንግ መንገድ የተሽከርካሪው ብዛት ስለሚያስፈራ፣ በውስጥ ለውስጥ መንገዶችም የእግረኛ መሄጃ በየቦታው ስለሚቋረጥ፣ ተማሪ ይዞ የሚወጣ መምህር እሑድ ጠዋትን ቢመርጥ ይሻለዋል። አዲስ አበባ ላይ የሚሞክረው ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ድልድይ የሚወርደውን መንገድ ይጀምር፤ ለመልሱ ጉዞ ውኃ መያዝ አይርሳ።