ሰማይ ባይታረስም ንጉሥ ይከሰሳል

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የፍርድ ነገር ከተነሣ ሁለት አባባሎች አይቀሩም። አንዱ የአያቶቻችን ነው፦ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»። ሌላው ሬዲዮና ስልክ ያመጣው ነው፦ «አሜሪካ ቢሆን ኖሮ ፕሬዚዳንቱንም ያስሩት ነበር»። አንዱ ከደጃፍ ያስመልሳል፣ ሌላው ባላዩት አገር ያስቀናል፤ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ናቸው።

«ንጉሥ አይከሰስ» ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ሕግም ነበር። በ1948 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱን መክሰስ እንደማይቻል ደንግጓል። የሚዘነጋው ግን የዚያው አንቀጽ ቀጣይ ክፍል ነው፦ ማንም ነዋሪ በመንግሥት፣ በሚኒስቴር ወይም በመሥሪያ ቤት ጥፋት ከባድ ጉዳት ከደረሰበት ፍርድ ቤት ሊያቆማቸው ይችላል። ስለዚህ በጃንሆይ ዘመንም ቢሆን የማይከሰሰው ሰውዬው እንጂ መንግሥቱ አልነበረም። ዛሬም «መንግሥትን ከስሼ የት እደርሳለሁ» ብሎ ያለ ካሳ መሬቱን ለቆ የሚወጣ ገበሬ፣ ከሰባ ዓመት በፊት በወረቀት የተሰጠውን መብት ትቶ ነው የሚሄደው።

አሜሪካን ለሚያወድሱት የ1966 ዓ.ም ክረምት ጥሩ ምስክር ነው። ሐምሌ 17 ቀን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በቢሯቸው የተቀዳውን ንግግር እንዲያስረክቡ ስምንት ለባዶ ወሰነ። አስረከቡ፤ ነሐሴ 3 ቀን ሥልጣን ለቀቁ። እኛ ዘንድ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው የዳኛ ትእዛዝ አልነበረም፤ ቮልስዋገን ይዘው የመጡ ወታደሮች ናቸው። ኅዳር 14 ቀን ደግሞ ወደ ስድሳ የሚጠጉ ባለሥልጣናትና መኮንኖች አንድ ዳኛ ሳያያቸው ተረሸኑ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ «አሜሪካ ቢሆን ኖሮ» ባዮቹ በረቱ ነበር። ነገር ግን ንጉሡ ከመውረዳቸው አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ ጳጉሜን 3 ቀን፣ አዲሱ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ለኒክሰን ሙሉ ይቅርታ ሰጥተዋቸዋል፤ ሰውዬው በተከሳሽ ሳጥን አንድ ቀን ሳይቆሙ ቀሩ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 22 ቀን 2016 ዓ.ም፣ አሥራ ሁለት ተራ የኒው ዮርክ ሰዎች ዶናልድ ትራምፕን በ34 ክሶች ጥፋተኛ ናቸው አሉ። በወሩ፣ በሌላ መዝገብ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስድስት ለሦስት ተከፍሎ ፕሬዚዳንት ሕገ መንግሥቱ ለእሱ ብቻ በሰጠው ሥልጣን ለሠራው ሥራ በወንጀል እንደማይከሰስ፣ ለሌላው ይፋዊ ተግባሩም ቢያንስ ያለመከሰስ ግምት እንዳለው፣ ለግል ድርጊቱ ግን እንደሚጠየቅ ወሰነ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም የኒው ዮርኩ ዳኛ ጥፋተኝነቱን አጽንተው ያለ እስራትና ያለ መቀጮ አሰናበቷቸው፤ በአሥረኛው ቀን ትራምፕ ቃለ መሐላ ፈጽመው ዳግም ፕሬዚዳንት ሆኑ። «ጥፋተኛ የተባለ ሰው እንዴት ይወዳደራል?» የሚለው ጥያቄ እኛም አገር ብዙ ተጠይቋል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለተወዳዳሪው የዘረዘረው መመዘኛ ዕድሜ፣ የትውልድ ዜግነትና የነዋሪነት ዘመን ነው፤ በወንጀል አለመፈረድ ከመመዘኛዎቹ ውስጥ የለም።

እኛስ ንጉሥ አልከሰስንም? የዘውዱ ባይሆንም የዘመኑን ንጉሥ ከሰናል። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት ተከሰው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ፤ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ እስራቱን ወደ ሞት ቅጣት ከፍ አደረገው። ሰውዬው የሚኖሩት ዚምባብዌ ነውና ፍርዱ ወረቀት ላይ ቀረ። ፍርድ ወረቀት ላይ ወደሚቀርበት ጉዳይ እመለሳለሁ።

«የወረዳ ዳኛ የአስተዳዳሪው ሰው ነው» የሚለውን ወገዳም መካነ ኢየሱስም ትሰማዋለህ። ትንሽ ከተማ ናትና ዳኛውና አስተዳዳሪው አንድ ቡና ቤት ቢገናኙ ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። በሕጉ ግን የወረዳውን ዳኛ የሚሾመው የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ ለሹመት የሚያቀርበው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። አስተዳዳሪው ሊሾመውም ሊሽረውም አይችልም። ሕገ መንግሥቱ ዳኛው ከሕግ በቀር በማንም እንዳይመራ ይላል፤ ሁሌ እንደዚያ ይሆናል ብዬ ግን አልምልም። «የአሜሪካ ዳኛ ፖለቲካ አያውቅም» የሚለውም አያስኬድም። የፌዴራል ዳኞቻቸውን የሚያጨው ፕሬዚዳንቱ፣ የሚያጸድቀው የፖለቲከኞች ሸንጎ የሆነው ሴኔት ነው፤ ከተሾሙ በኋላ ግን ወንበሩ የዕድሜ ልክ ስለሆነ የሾማቸውን ሰው መፍራት የለባቸውም። በብዙ ግዛቶች ደግሞ ዳኛው ራሱ ፎቶውን ለጥፎ ምረጡኝ እያለ ይቀሰቅሳል። ይህን ለአንድ የስማዳ ሽማግሌ ብትነግራቸው «ታዲያ ካልመረጥኩት ምን ብሎ ይፈርድልኛል?» ማለታቸው አይቀርም።

ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመውም አዲስ አበባ ያለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚመስለው ብዙ ነው። የአሜሪካው ይህን ሥልጣን በ1803 እ.ኤ.አ. በራሱ ውሳኔ አጸና። የእኛ ሕገ መንግሥት ግን ሥልጣኑን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቶታል፤ አጥንቶ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብለት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። በ2012 ዓ.ም ምርጫው በኮሮና ሲተላለፍ የሕግ ባለሙያዎች በቴሌቪዥን ሲከራከሩ ያየነው በዚሁ ጉባኤ ፊት ነበር፤ ሰኔ 3 ቀን የመጨረሻውን ቃል የተናገረው ግን ምክር ቤቱ ነው።

ስለ ታሰረ ሰው «48 ሰዓት ካለፈ ይለቀቃል» የሚባለው ደግሞ አደገኛ ስሕተት ነው፤ ቤተሰብ ስንቅ ብቻ ይዞ እንዲጠብቅ ያደርጋልና። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የሚለው የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ ነው። ከዚያ ዳኛው በዋስ ሊለቅም፣ ለምርመራ በሚያስፈልገው ጊዜ ልክ ሊያቆይም ይችላል። የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም፤ ከበሽሎ ዳር ተይዞ በእግር ለሚመጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አስቸኳይ ጊዜ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል የታወጀው፣ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም ለአራት ወር የተራዘመው አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰርን ፈቅዶ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በምንም ጊዜ አይነኩም ብሎ ከዘረዘራቸው አንቀጾች ውስጥ 19 የለም። አንቀጽ 18 ግን አለ፤ በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን እስረኛን በጭካኔ መያዝ ክልክል ነው። የአዋጁ ጊዜ ሲያበቃ 48 ሰዓቱ ይመለሳል።

ስለ ደም እርቅ ባጭሩ ልበል። ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሳ ተከፍሎ፣ እርቅ ከወረደ «ክሱ ይቀራል» ይባላል። አይቀርም። የነፍስ ግድያ ክስ የዐቃቤ ሕግ ነው፤ የሟች ወገን ይቅር ቢልም መዝገቡ አይዘጋም፤ ከልብ መጸጸትና መካስ ግን ቅጣት ያቀላል። ዳኛ በፍርዱ ማስቆም የማይችለውን ደም መላሽ የሚያስቆመው ሽማግሌው ስለሆነ፣ ሁለቱን ማፎካከር አልወድም። በአሜሪካም ቢሆን በፊልም የምናየው የጁሪ ክርክር ብርቅ ነው፤ ጥፋተኛ ከሚባሉት የፌዴራል ተከሳሾች ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት አምነው፣ ብዙውን ጊዜ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተደራድረው ነው የሚፈረድባቸው።

ከሁሉ ሥር የሰደደው እምነት ግን «ከተፈረደ አበቃ» ነው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚል ሕዝብ ለፍርድ ክብር አይነፍግም። ግን ጭብጦዋ ትመለስ ተብሎ ተፈርዶ ሳትመለስ ብትቀርስ? ፍርድ ቤት የራሱ ወታደር የለውም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ፣ በሙስና ተጠርጥረው የታሰሩት አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሳይርቁ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው፤ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግም ወጣ። አቶ ስዬ ስድስት ዓመት ያህል ታሰሩ።

አሜሪካም ይህን አሳምራ ታውቀዋለች። በ1954 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተማሪዎችን በቀለም መለየት ሕገ ወጥ ነው አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሊትል ሮክ ከተማ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት ሊገቡ ሲሉ የአርካንሳው አገረ ገዥ የታጠቀ ኃይል አሰልፎ መለሳቸው። ያስገባቸው ፍርዱ ብቻ አልነበረም፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የላኩት አየር ወለድ ጦር ነው። የሁለቱ ታሪኮች ልዩነት ያለው ከዳኞቹ ድፍረት ላይ አይመስለኝም፤ ጠመንጃ የያዘው ሰው ከፍርዱ በየትኛው ወገን ቆመ የሚለው ላይ ነው።

በወረዳ ደረጃ ነገሩ ከጦር ይልቅ የወረቀት ነው። ድንበር የተገፋበት ገበሬ ነፋስ መውጫ ወይም አርብ ገበያ ተከራክሮ ይረታል፤ የውሳኔ ግልባጩን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ የተገፋው መሬት እስኪመለስለት ይጠብቃል። ማንም አይመጣም። የረታ ሰው የአፈጻጸም መዝገብ ራሱ ማስከፈት አለበት፤ ያኔ ነው ፍርድ ቤቱ ለመሬት አስተዳደር፣ ለቀበሌና ለፖሊስ ትእዛዝ የሚጽፈው። አሥር ዓመት ዝም ካለ መብቱ በይርጋ ይታገዳል። ተረቺውም የራሱ ተረት አለው፦ «ይግባኝ ብያለሁና አይነኩኝም» ይላል። ይግባኙን በስድሳ ቀን ውስጥ ደብረ ታቦር ማቅረብ ይችላል፤ ይግባኝ ማለት ብቻውን ግን አፈጻጸም አያስቆምም። ከፍተኛው ፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ እስካልጻፈ ድረስ ነፋስ መውጫ የተጀመረው አፈጻጸም ይቀጥላል።