አሮጌ አውቶሞቢልና አዲስ ማርሚታ

በመለዋወጫ ዕቃ ንግድ ላይ ከሚነሡት ክርክሮች ሁሉ፣ ወደ ባንኮኒ ተመልሶ እንደሚመጣ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ያለ አስቸጋሪ ነገር የለም። ገዢው ዕቃውን ከወሰደ ጥቂት ወራት ሳይቆይ፣ ውስጡ ቀልጦና ጠቁሮ ያመጣውና «የሸጣችሁልኝ የተበላሸ ዕቃ ስለ ሆነ ገንዘቤ ይመለስልኝ» ይላል። ባለ ሱቁ ከአስመጪው ታሽጎ የተረከበው መሆኑን ያስረዳል። የገጠመው ባለሙያ ደግሞ «የእኔ ሥራ ቱቦውን መበየድ ነው» ብሎ ነፃ ይወጣል። ሦስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ዕቃውን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ማንም ምርመራ ያላደረገለት ሞተሩ ራሱ ነውና።

ይህ ጉዳይ ለሐዋሳ ነጋድያን ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በየካቲት ወር 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ መኪኖች ላይ እጅግ ከፍ ያለ ታክስ ጣለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኩል ተገለጠ። እንግዲህ ቀድሞ የገባችው መኪና፣ ዲኤክስ እየተባለች የምትጠራውም አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ብትሆን፣ ባለቤቷ በቀላሉ የማይተካት ንብረት ሆናለች ማለት ነው። ንብረቱን ለማቆየት የሚሻ ሰው ማርሚታ ሲበላበት ወደ ሱቅ መምጣቱ አይቀርም፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ጭሱን ለማጥራት ሲሉ ማርሚታውን ከነካታሊቲኩ ይጠይቃሉ።

ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባለው ዕቃ ከውጭ ሲታይ ትንሽ ማርሚታ ይመስላል። በውስጡ ግን እንደ ማር እንጀራ በብዙ ቀጫጭን ቀዳዳ የተበሳሳ ሸክላ አለ። በሸክላው ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ ውድ ማዕድናት በስሱ ተቀብተዋል። መርዘኛው ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳይቃጠል የቀረው ቤንዚን በዚያ ሲያልፉ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ ውኃ ይለወጣሉ። ሦስቱን መርዞች በአንድነት የሚያጠራው ዓይነት ደግሞ የናይትሮጂን ኦክሳይዶችን ጭምር ወደ ተራ ናይትሮጂን ይመልሳል። አሳቡን ለአውቶሞቢል ያመጣው በፈረንሳይ ተወልዶ በአሜሪካ የሠራው መሐንዲስ ዩጂን ሁድሪ ነው። ይሁን እንጂ በዘመኑ ቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ማዕድናቱን ሸፍኖ ያበላሻቸው ስለ ነበር፣ ዕቃው በአሜሪካ አዳዲስ መኪኖች ላይ በሰፊው የተገጠመው እ.ኤ.አ. ከ1975 ሞዴል ጀምሮ ነው። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2001 በዳካር ተሰብስበው እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ለማስቀረት ተስማሙ፤ በ2006 መባቻም ሥራው ተፈጸመ። ስለዚህ ዛሬ «ቤንዚናችን ዕቃውን ይገድለዋል» የሚለው የቆየ ምክንያት አያስኬድም።

የሚያስኬደው ምክንያት የከተማይቱ ከፍታ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አየሩም በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። ኢንጄክሽን ያለው መኪና ይህን በመለኪያው ዐውቆ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ካርቡራተር ግን አያውቅም። ለቆላ አገር ተስተካክሎ ከፋብሪካ የወጣ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑን እንደ ቀድሞው ይሰጣል፤ አየሩ ግን ጎደለ። የተረፈው ቤንዚን ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። አንዱ ካንዴላ አልፎ አልፎ እሳት መስጠቱን የተወ እንደ ሆነ፣ ያ ሁሉ ቤንዚን ካልተነካ አየር ጋር ወደ ካታሊቲኩ ገብቶ እዚያው ይነዳል። ሙቀቱ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ማዕድናቱ ኃይላቸውን ያጣሉ፤ ከዚያ ሲብስ ሸክላው ራሱ ይቀልጥና መተንፈሻውን ይዘጋል። ያን ጊዜ መኪናው ዳገት እምቢ ይላል፣ ገዢውም ወደ ባንኮኒው ይመለሳል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የታወቀ መሆን አለበት። አስቀድሞ ካንዴላዎቹ ወጥተው ይታዩ፤ ቡናማ ቢሆኑ መልካም፣ ቢጠቁሩ ግን ካርቡራተሩ ተፈትቶ ቤንዚን የምታሳልፈው ባለ ቀዳዳ ትንሽ ነሐስ ቀዳዳዋ ጠበብ ባለ ትለወጥ። ሰማያዊ ጭስ የሚያጨስ ሞተር ዘይት ይበላል። በዘይቱ ውስጥ ያለው ፎስፎረስ ደግሞ እንደ እርሳሱ ማዕድናቱን ስለሚሸፍን፣ እንዲህ ላለው መኪና ፒስተንና ፋሻ ሳይታደስ ካታሊቲክ መሸጥ ገንዘብ ወደ ሐይቁ እንደ መወርወር ነው።

ሌላው የማርሚታ ጠላት አጭር ጉዞ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ያወጣል። ሐዋሳ ሜዳማ ከተማ ስለ ሆነች፣ ከቤት እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ሐይቁ ዳር ያለው መንገድ ቱቦውን ሳያግለው ያልቃል። ውኃው በማርሚታው ሆድ ውስጥ ተጠራቅሞ ከውስጥ ወደ ውጭ ያዝገዋል። ካታሊቲኩም ቢሆን 250 ወይም 300 ዲግሪ ያህል ሳይግል ሥራውን አይጀምርም። ከሞተሩ አጠገብ መገጠም ያለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ ወደ ኋላ ገፍተው በማርሚታው ቦታ የሚበይዱት ሰዎች ለጌጥ ሰቀሉት እንጂ አልገጠሙትም።

በገጠማው ጊዜ ጥቂት ነገሮች ሊዘነጉ አይገባም። በዕቃው ላይ የተሣለው ቀስት ጭሱ የሚሄድበትን ያመለክታል። የቤንዚንና የፍሬን መስመሮች ከሙቀቱ በላሜራ መከለል አለባቸው። በሁለት ወገን በፍላንጅ፣ በጓርኒሲዮንና በቡሎን ቢታሰር፣ በኋላ ሲበላሽ ሳይቆረጥ ይፈታል። ባትሪው ሳይነቀል ኤሌክትሪክ ብየዳ መጀመር ኮምፒዩተር ያለውን መኪና ያበላሻል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የብየዳው መድፈን ነው። ጋዙ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለ ሆነ፣ ከወለሉ በታች ያለች ስንጥቅ መስኮቱን ዘግቶ የሚሄደውን ቤተ ሰብ ሳያሰማ ልትጎዳ ትችላለች። ቱቦውን ከልክ በላይ ማስፋትም ድምፅ እንጂ ጉልበት አይጨምርም፤ ወጣቶቹ ይህን ሲሰሙ ደስ ባይላቸውም።

አንድ መጥፎ ልማድም አለ። የማዕድናቱ ዋጋ ብዙ ነው፤ ሮዲየም እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ በዓለም ገበያ አንዱ ወቄት ከ20 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ተሸጧል። ከዚህ የተነሣ «ተዘግቷልና እናውጣው» ተብሎ ደኅናው ካታሊቲክ ሲወሰድና በምትኩ ባዶ ቆርቆሮ ሲበየድ፣ ባለ መኪናው የብየዳ ዋጋ ከፍሎ ንብረቱን በስጦታ ያስረክባል። መዘጋቱን ለማወቅ የኦክስጅን መለኪያው በሚገባበት ቀዳዳ የግፊት መለኪያ አስገብቶ ማየት ጥቂት ደቂቃ እንጂ ቀን አይወስድም።

አስመጪው በበኩሉ «ለሁሉም መኪና ይሆናል» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አይቶ ማዘዝ የለበትም። ሁለት መርዝ ብቻ የሚያጠራው ዓይነት ለካርቡራተር መኪና ይስማማል፣ ሦስቱን የሚያጠራው ግን የአየርና የቤንዚን ልኩ 14.7 ለ1 ሆኖ እንዲጠበቅለት መለኪያና ኮምፒዩተር ይሻል። የሞተሩ መጠን፣ የቱቦው ውፍረትና የነዳጁ ዓይነት በትእዛዙ ላይ ይጻፉ፤ የናፍጣ መኪና ዕቃ ሌላ ነውና። በአውሮፓ ደንብ የተፈተነ ምትክ ዕቃ በክብ ውስጥ የተቀረጸ «ኢ» ፊደልና ቁጥር ይዞ ይመጣል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው መመሪያ ለምትክ ካታሊቲክ የ25 ሺህ ማይል፣ ማለት የ40 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሥራ ዋስትና እንዲሰጥ ያዛል።

በሐዋሳ ያለ ባለ ሱቅ እንዲህ ያለውን ረጅም ዋስትና መስጠት ባይችልም፣ በደረሰኙ ላይ የሞተሩን ዓይነት፣ የኪሎ ሜትሩን ቁጥርና ካንዴላው በሽያጩ ዕለት ምን ቀለም እንደ ነበረው መጻፍ ይችላል። ዕቃው ቀልጦ ቢመለስ፣ ካንዴላው እንደ ገና ወጥቶ ከደረሰኙ ጋር በገዢው ፊት ይመሳከራል።