የግራር ዘር የመብቀል ሙከራ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

ከአገር በቀል ዛፎቻችን አንዱ የሆነው ግራር ለማገዶ፣ ለጥላና ለንብ ቀሰም ያገለግላል። በሥሩ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ናይትሮጅን ከአየር ወስደው መሬቱን ያዳብራሉ። ይሁን እንጂ በትምህርት ቤት መደብ ላይ እንዲሁ የተዘራ የግራር ዘር ብዙውን ጊዜ አንዱ ቶሎ፣ ሌላው ከብዙ ሳምንት በኋላ ይበቅላል። በዚህም ምክንያት ችግኙ ለክረምት ተከላ ሳይደርስ የተማሪዎቹ ድካም ከንቱ ይቀራል። ችግሩ የዘሩ ሽፋን ጠንካራ ሆኖ ውሃ አለማስገባቱ ነው። ተማሪዎች ይህንን በሚከተለው ሙከራ ራሳቸው ሊያረጋግጡ ይችላሉ።

አሠራር

1. ከአንድ ዛፍ ከተለቀመ ዘር በነቀዝ የተበሳውን ለይቶ መጣል። ከደህናው 100 ፍሬ ቆጥሮ 25፣ 25 አድርጎ በአራት ምድብ መክፈል።

2. ሀ) አንደኛው ምድብ ምንም አይደረግበትም።
ለ) ሁለተኛው በቀዝቃዛ ውሃ ለ24 ሰዓት ይዘፈዘፋል።
ሐ) ሦስተኛው ፈልቶ ከእሳት በወረደ ውሃ ውስጥ ተጨምሮ ውሃው እስኪቀዘቅዝና ከዚያም እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይቆያል። በእሳት ላይ የተቀቀለ ዘር ይሞታል። የፈላውን ውሃ መምህሩ ይያዘው እንጂ ለሕፃናት አይሰጥ።
መ) የአራተኛው ሽፋን በጥፍር መቁረጫ በጥቂቱ ይነካል። የሚነካው ፅንሱ ካለበት ጫፍ በተቃራኒው በኩል ነው።

3. አራቱንም በአንድ ቀን፣ ሥራቸው በተበሳ አራት ቆርቆሮዎች ውስጥ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል አጥልቆ መዝራት። አፈሩ፣ ውሃውና ቦታው አንድ ዓይነት ካልሆነ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ማወቅ አይቻልም።

4. እስከ 30 ቀን ድረስ የበቀለውን በየቀኑ ቆጥሮ በሠንጠረዥ መመዝገብ።

የውጤቱ ጥቅም

በእያንዳንዱ ቆርቆሮ የበቀለው ቁጥር በ4 ሲባዛ መቶኛው ይገኛል። ለምሳሌ ከ25ቱ 20 ከበቀሉ 80 በመቶ ነው፤ 400 ችግኝ ለማግኘት 500 ዘር ይበቃል። 5 ብቻ ከበቀሉ ግን 20 በመቶ ስለሆነ 2,000 ዘር ያስፈልጋል። ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ዘር ከማስለቀሙ በፊት ይህንን ሂሳብ ከተማሪዎቹ ቢቀበል ዘርም ጉልበትም አይባክንም።

ለልማት ሠራተኞችና ለማኅበራት

ሙከራው በታኅሣሥ ቢካሄድ በተሻለው ዘዴ በጥርና በየካቲት መዝራት ይቻላል። ተከላው በሐምሌ ስለሚውል በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ስለዚህ ችግኙን የሚጠብቅ ተረኛ፣ የሚተክል ሰውና ከብት የሚከለክል አጥር ከሰኔ በፊት ከማኅበሩ ጋር መወሰን አለበት። ይህ ካልተደረገ በሚገባ የበቀለ ችግኝም ቢሆን ለከብት ቀለብ ይሆናል።