የፍሪሲዮን ፔዳል መጋጠሚያ መበላት በአሮጌ ሂሉክስ ፒክአፕ፦ ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት

አንድ አሮጌ የቶዮታ ሂሉክስ ፒክአፕ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦም ማርሹ እየጮኸ አልገባ ሲል፣ ጥርጣሬው ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በፍሪሲዮኑ ዲስክ ወይም በማስተር ሲሊንደሩ ላይ ነው። ዲስኩን ለማየት ካምቢዮውን ማውረድ ግድ ስለሚል፣ ግምቱ ከተሳሳተ የሚባክነው ጊዜና ገንዘብ ቀላል አይሆንም። ከዚያ በፊት ግን ከዳሽቦርዱ ሥር ያለ አንድ ትንሽ ፒን መታየት ይኖርበታል።

ፒኑ የፔዳሉን ክንድ ከማስተር ሲሊንደሩ የግፊት ዘንግ ሹካ ጋር ያገናኛል። ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ኃይሉ በአንድ አቅጣጫ ስለሚያርፍ ፒኑ በአንድ ጎኑ ይበላል፤ ክብ የነበረው ቀዳዳም ቀስ በቀስ ሞላላ ይሆናል። መበላቱ ለዓይን ኢምንት ቢመስልም ውጤቱ በእግር በኩል ተባዝቶ ይታያል። ለምሳሌ ከፔዳሉ ማዞሪያ እስከ እግር ማሳረፊያው 30 ሴንቲ ሜትር፣ እስከ ፒኑ ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በፒኑ ላይ ያለ የ1.5 ሚሊ ሜትር ልልነት በእግር ማሳረፊያው 9 ሚሊ ሜትር ባዶ ጉዞ ይሆናል። በብዙ የቶዮታ የጥገና መመሪያዎች ለግፊት ዘንጉ የሚፈቀደው ልልነት፣ በፔዳሉ ጫፍ ሲለካ፣ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ምርመራው ሞተሩ ጠፍቶ ይከናወናል። ፔዳሉን በአንድ እጅ በዝግታ እየገፉ ሌላውን እጅ በዘንጉ ላይ ማሳረፍ፣ ክንዱ ሲንቀሳቀስ ዘንጉ ሳይነቃነቅ የሚቆይበትን ርቀት ወዲያው ይገልጣል። ፔዳሉ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ የማዞሪያው ቡሽንግም ተበልቷል ማለት ነው። ፔዳሉን የተሸከመው ብረት ስንጥቅ እንዳለበትም በባትሪ ብርሃን ማየት ይገባል፤ ይህ በቀላሉ የሚዘነጋ ነገር ነው። ቁርጥ ያለው ማስረጃ የሚገኘው ግን ፒኑ ወጥቶ በካሊፐር ሲለካ ነው። ከሹካው ውጪ የሚተርፈው ጫፍ የመጀመሪያ ውፍረቱን እንደያዘ ስለሚቆይ፣ የፋብሪካ መረጃ ባይኖርም ማነጻጸሪያ ይሆናል። ቀዳዳው ደግሞ በግፊቱ አቅጣጫና ለእርሱ ቀጤ ነክ በሆነው አቅጣጫ ይለካል።

ፒኑ ከመለወጡ በፊትና በኋላ፣ ካምቢዮው ጎን ያለው የታችኛው ሲሊንደር ዘንግ ምን ያህል እንደሚጓዝ ቢለካ ምርመራው የተሟላ ይሆናል። ጉዞው ከጨመረና ማርሹ ያለ ጩኸት ከገባ ጥፋቱ የመጋጠሚያው ነበር። ካልጨመረ፣ የዘይት ፍሰትና የአየር መኖር ይታያል፤ ዲስኩ የመጨረሻው ተራ ነው።

የግፊት ዘንጉን አስረዝሞ ልልነቱን ማጥፋት አጓጊ አቋራጭ ነው። ፔዳሉ ለጊዜው ይሻሻላል፤ መበላቱ ግን ተደብቆ ይቀጥላል። ጣጣው የሚብሰው አዲስ ፒን ሲገባ ነው። ለተበላው ፒን ተለክቶ የረዘመው ዘንግ ለአዲሱ ከልክ ያልፋል፤ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ስለማይመለስም ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት ቀዳዳ እንደተዘጋ ይቀራል። ዘይቱ ሞቆ ሲሰፋ መውጫ ያጣል፤ ፍሪሲዮኑም ሳይረገጥ በከፊል እየለቀቀ መንሸራተት ይጀምራል። ስለዚህ የዘንጉ ርዝመት ፒኑ በተለወጠበት ዕለት፣ መኪናው ከጋራዥ ሳይወጣ፣ እንደገና መስተካከል አለበት።